ከዝርዝሩ የጎደለው ፊደል

ሊይዙኝ የመጡት ሁለት ሰዎች እንደማንኛውም ባለጉዳይ የተራ ቁጥር ወስደው ተቀምጠው ነበር። እኔ በቦሌ በአንድ የመንግሥት አገልግሎት ቢሮ፣ በሦስት ቁጥር መስኮት፣ ማመልከቻ የምቀበል ጀማሪ ሠራተኛ ነበርሁ። ቁጥራቸው ሲጠራ ሳይጣደፉ ተነሥተው መጡ። «ምን ልታዘዝ?» አልኋቸው። አንደኛው ስልኩን ወደ መስተዋቱ አስጠግቶ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ።

«ይህ ያንተ ጽሕፈት ነው?»

የእኔ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በዚያው መስተዋት ላይ በፕላስተር የለጠፍሁት ማስታወቂያ ነው። በእጅ ጽሕፈቴ የምኮራ ሰው ስለነበርሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። «አዎን፣ የእኔ ነው» አልሁ።

«እንግዲያው ኮትህን ያዝና ና።»

የማስታወቂያውን ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእነዚያ ዓመታት ከተማው በሙሉ ይቆፈር ነበር። ጠዋት የተሻገርንበት መንገድ ማታ ስንመለስ ገደል ሆኖ ይጠብቀናል፤ በየመንደሩ ፎቅ ይበቅላል፤ እስካቫተሮቹ በየሳምንቱ ከመሬት በታች የተቀበረውን የኔትወርክ መስመር ይበጥሱታል። መስመሩ ሲበጠስ ኮምፒዩተሮቻችን ይደነዝዛሉ። ያን ጊዜ ለሕዝብ የሚሰጠው መልስ በመላ ሀገሪቱ አንድ ነው፦ «ሲስተም የለም»። ባንክ ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ ውሃ ክፍያውም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሰውም መልሱን እንደ ዝናብ ለምዶታል፤ ይቆማል፣ ሰማዩን ያያል፣ ይመለሳል።

እኔ ቃሉን አልወደውም ነበር። ብዙ ያነበበ ወጣት የሚይዘው አንድ በሽታ አለ፤ አማርኛ እያለ የባዕድ ቃል መጠቀም ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ «ሲስተም» ማለት «ሥርዓት» ነው ብዬ፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣ በወፍራም ማርከር፣ አጣጥሜ ጻፍሁ፦

«ክቡራን ባለጉዳዮች፣ ዛሬ ሥርዓት የለም። ስለሆነም አገልግሎት መስጠት አንችልም። ለሚደርስብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

በአራት ቁጥር መስኮት የምትሠራው ባልደረባዬ አንብባ፣ «ምነው እንደ ሰው ሲስተም ብትል?» አለችኝ። «ይህ አማርኛ ነው» ብዬ መለስሁላት።

አንድ ባለጉዳይ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ለዘመዱ ላከው፤ ዘመዱም ለሌላ። በዚያ ቀን የሦስት ቁጥር መስኮት ኮምፒዩተር ከአራት ቁጥሩ ጋር መገናኘት አልቻለም ነበር፤ የእኔ ወረቀት ግን ከምሳ በፊት ባሕር ተሻገረ። ማታ ከውጭ በሚተላለፍ ሬዲዮ፣ የመንግሥት ቢሮ ራሱ ሥርዓት የለም ብሎ ለጠፈ ተብሎ ተነበበ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከታሰርሁ በኋላ ነው። ሬዲዮ የማዳምጥ ሰው አልነበርሁም።

*

የታሰርሁበት ጣቢያ ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ ያለ አዲስ ሕንፃ ነበር። ከተማው ሁሉ አዲስ ነበርና እስር ቤቱም አዲስ ነበር። የክፍላችን ግድግዳ ከተለሰነ ገና ብዙ ስላልቆየ እጅ ሲያስደግፉበት ይረጥባል። የሲሚንቶና የበረኪና ሽታ ነበረው። ዐሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ አንዱ እግሩን ሊዘረጋ ሲፈልግ ሌላው ማጠፍ ነበረበት። ከጣሪያው ሥር ክንድ የማታህል መስኮት ነበረች፤ በእርሷ በኩል ሰማይ ብቻ ይታያል። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ በየጥቂት ደቂቃው የአውሮፕላን ድምፅ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል።

የክፍሉ አለቃ፣ በእስረኛው አጠራር ካቦው፣ አትላስ አካባቢ ዲሽ የሚተክል ሰው ነበር። የታሰረው የደንበኞቹን ዲሽ ወደማይፈለግ ጣቢያ አዙሯል ተብሎ ነው። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ ይተነብያል።

«ይሄ የቻይናው ጓንግዡ ነው። ሆዱ ከብዷል፣ የነጋዴ ሻንጣ ጭኗል።»

«በምን አወቅህ?» ይለዋል አንዱ።

«ዲሽ ሠራተኛ ሰማይን ካላወቀ ምን ሊያውቅ ነው?»

በገባሁበት ቀን የካቦው ጥያቄ ቀላል ነበር። «ወንድም፣ ክስህ ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰብሁና «ትርጉም» አልሁት።

ነገሩን ስነግረው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «እኔ ዲሽ አዙሬ ገባሁ፣ አንተ ቃል አዙረህ! እንኳን ደህና መጣህ፣ አቶ ሥርዓት!» ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በዚያ ክፍል ስሜ አቶ ሥርዓት ሆነ። ወደ መጸዳጃ ቤት ስንወጣ እንኳ፣ «ጎበዝ ተሰለፉ፣ ሥርዓት እያየን ነው» ይል ነበር። ሌሎቹ ሲስቁ እኔ ጫማዬን አያለሁ። መሳቅ የቻልሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በሩ አጠገብ ግን አንድ የማይስቁ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጋቢ ደርበው፣ ከሥሩ አዲስ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ የሸሚዙ አንገትጌ በአንድ በኩል ትንሽ ተጣምሟል። ካቦው ሳቁን እስኪጨርስ ጠብቀው፣ ፊቴን ሳይሆን ድምፄን እንደሚያስታውስ ሰው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣

«አንተ የሦስት ቁጥር ልጅ አይደለህም?» አሉኝ።

«ነኝ» አልሁ።

«‹የሁለቱ ሰነድ ስም አይመሳሰልም። ያስተካክሉና ይምጡ፣ አባቴ።›» ቃሌን በእኔው አነጋገር፣ ያንኑ ድርቀቱን ሳይለቅቁ ደገሙት። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

አላስታወስኋቸውም። ይህን አሁንም በኀፍረት እጽፈዋለሁ። በቀን ስንቱን ሰው በዚያ ዓረፍተ ነገር እንደመለስሁ እንጃ። እርሳቸው ግን ለሚ በኩል፣ ቀድሞ እርሻ በነበረ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። መሬቱ ለልማት ተነሥቶ ለእርሳቸው ምትክ ቦታ ተመድቦላቸዋል ተብሏል፤ ያን ለመቀበል ነበር ወደ መስኮቴ የመጡት። የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል «ዸ» ነው፤ በኦሮምኛ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚወጣው ድምፅ። ፊደላችን ለእርሱ ምልክት አለው፤ «ደ» ላይ አንዲት ጭረት መጨመር ነው። ጭረቷን የሚያስታውስ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። መታወቂያቸው ላይ በ«ደ» ተጻፈ፤ የምትክ ቦታው ማኅደር ላይ የጻፈው ሰው ደግሞ «ጠ» ሰማ። እኔ በመስኮቴ ላይ ሁለቱን ወረቀቶች አስተያይቼ እውነቱን ተናገርሁ፤ አይመሳሰሉም።

«ልጄ፣ እኔ የምኖረው አንድ ቦታ ነው» አሉኝ፤ «ስሜ ግን ሁለት ቦታ ነው።»

«ተቀይመውኝ ነበር?»

«አይ! አንተ እኮ ‹አባቴ› ብለህ ነው የመለስከኝ። ሌሎቹ ቀና ብለውም አላዩኝ።»

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከእኔ መስኮት በኋላ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄዱ። በመጨረሻ በመንደራቸው ሕዝባዊ ስብሰባ ተጠራ። «ተነሣሁና ‹ጥያቄ አለኝ› አልኩ» አሉ። «‹እናንተ እዚያ ሂድ ትሉኛላችሁ፣ እነሱ እዚህ ተመለስ ይሉኛል፤ ስሜን የሚያውቀው ቢሮ የትኛው ነው? እሱን ንገሩኝና ልሂድ› አልኩ። ሰው አጨበጨበ። የጎዳኝ ማጨብጨቡ ነው።»

*

ሽማግሌው የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ሲይዟቸው ኪኒናቸው ቤት ቀርቷል። እኔ ስገባ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ከፕላስቲክ ጠርሙሱ ውሃ ይጠጣሉ፣ ደግሞ ይጠጣሉ። ከንፈራቸው እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ኪኒኑ ግን ከእኛ የራቀ አልነበረም፤ በር ላይ ነበር። ሴት ልጃቸው ፋብሪካ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋለች፤ ሸሚዙን ሁሉ ሳይሆን አንገትጌውን ብቻ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት ስንቅና መድኃኒቱን በፌስታል ይዛ ወደ ጣቢያው በር ትመጣለች። በሩ በግድግዳችን ማዶ ስለነበረ፣ አውሮፕላን ካላለፈ፣ ድምፅዋ በዚያች መስኮት ይሰማል። የአባቷን ስም ሙሉውን፣ ጥርት አድርጋ ትጠራለች። ከዚያ የዘበኛው ድምፅ ይመጣል።

«በዚህ ስም የለም።»

«ፖሊስ ሲወስዳቸው ጎረቤት አይቷል እኮ።»

«እህቴ፣ ዝርዝሩ ላይ የለም። ሌላ ጣቢያ ሞክሪ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ቀን ጮኸው ነበር አሉ። የውስጡ ጠባቂ መጥቶ፣ ደግመው ከጮኹ ክፍሉ በሙሉ ለመጸዳጃ እንደማይወጣ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ አልጮኹም። ልጃቸው በምትጠራቸው ጊዜ ይነሣሉ፤ ግድግዳው ሥር ቆመው መዳፋቸውን እርጥቡ ልስን ላይ ያሳርፋሉ፤ ድምፁ ሲርቅ ይቀመጣሉ። ይህን ሦስት ጠዋት አየሁ።

ጠባቂውን አናገርሁት። በቢሮ ወግ ነበር ያናገርሁት፤ ሌላ ወግ አላውቅም።

«ይቅርታ፣ የእኚህ አባት ልጅ በር ላይ ናት።»

«ዝርዝሩ ላይ የሉም ተብላለች።»

«እርሳቸው ግን እዚህ አሉ።»

ወደ ሽማግሌው ተመለከተ። «አያቸዋለሁ» አለ፤ «ዝርዝሩ ላይ ግን የሉም።»

እንዳላገጠ አልቈጠርሁትም። ሰውየውን እያየ ወረቀቱን ማመን ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ ግቢ አልነበረም። ዝርዝሩ በየጠዋቱ በኮምፒዩተር ታትሞ ወደ በሩ እንደሚወርድ ነገረን። ያን ጊዜ ገባኝ። ሲመዘግቧቸው ስማቸውን በቃል ጠይቀዋል፤ መዝጋቢው የሰማው «ጠ» ነው። ዘበኛው በ«ደ» ይፈልጋል፤ እርሳቸው በ«ጠ» ተቀምጠዋል። መስኮቴ ላይ የመለስኋቸው ስሕተት ከእርሳቸው ጋር ታስሮ ነበር።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ሸሚዛቸውን አውልቀው በአንገቱ ውስጥ የተሰፋውን ጨርቅ እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ልጃቸው ከፋብሪካ ያገኘችው፣ አንገትጌው በመጣመሙ የተጣለ ሸሚዝ ነበር። «ምን ይላል? ፊደል ይበዛዋል» አሉኝ። በብዙ ቋንቋ የተጻፈ የአስተጣጠብ መመሪያ ነበር። በለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፤ ከነጭ ልብስ ጋር አይቀላቀል። የማላውቃቸው ቋንቋዎች ነበሩበት፤ ራሳቸው ላይ ነጥብ የተሸከሙ ፊደላት፣ ከሥራቸው ጭራ ያወጡ፣ በመካከላቸው ጭረት ያለፈባቸው። ለማላየው ሩቅ ሀገር ሰው አንዲት ነጥብ እንኳ አልጎደለችበትም።

«ይህን ሁሉ ፊደል ማን ጻፈው?» አሉ።

«ፋብሪካው ነው፣ አባባ። የሚገዛው ሰው በቋንቋው እንዲያነበው።»

«ጥሩ ነው» አሉና ሸሚዙን መልሰው ለበሱ። «ለገዢ እንዲህ ነው መጠንቀቅ።»

ካቦው ከጥግ ሆኖ፣ «ፋዘር፣ እርስዎም በመርከብ ቢላኩ ኖሮ ስምዎ ይስተካከል ነበር» አላቸው። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ውሃ ሰጠናቸው።

*

በአራተኛው ጠዋቴ የልጅቱ ድምፅ ሌላ ነበር። «ነገ መምጣት አልችልም» አለች ለዘበኛው። «አራት ቀን አረፈድኩ። ዛሬን ደግሞ አስፈቅጄ ነው፤ ከዛሬ በኋላ ከሥራ ያስወጡኛል።»

«እንግዲያው የዛሬው ዝርዝር እስኪወርድ ጠብቂ» አላት። «እሱ ላይም ከሌሉ አትድከሚ፣ እዚህ የሉም ማለት ነው።»

ሽማግሌው በዚያ ቀን አልተነሡም። መዳፋቸውን ብቻ፣ ተቀምጠው፣ ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ዓይናቸው ደመና ለብሶ ነበር። «ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል» አሉኝ።

ወዲያው ስሜ ተጠራና ወደ መርማሪው ተወሰድሁ።

ክፍሉ ሁለት ጠረጴዛዎች ነበሩት። በአንዱ መርማሪዬ ተቀምጧል፤ ደክሞት የሚታይ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። በሌላው አንዲት ወጣት ፖሊስ ኮምፒዩተር ላይ በሁለት ጣት ትጽፋለች። ከጎኗ ትልቅ ፕሪንተር አለ። ቃሌን ሲቀበሉኝ ሁልጊዜ እዚያው ነበረች፤ አንድም ጊዜ ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም።

«ዛሬም እንጠይቅህ» አለ መርማሪው። «ሥርዓት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ኮምፒዩተሮች የሚገናኙበት አሠራር ማለቴ ነው።»

«በማን አማርኛ?»

በእኔ አማርኛ ብቻ ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ ፖሊስ በሩን ገፋ አድርጎ፣ «የወጪ ደብዳቤው ደረሰ ወይ ይላሉ» ብሎ ጠየቀ። ልጅቱ ከኮምፒዩተሯ ሳትነሣ፣ «ሲስተም የለም በላቸው፤ ያለኝ ይቺ ፕሪንተር ብቻ ናት» አለች። መርማሪው እስክሪብቶውን አገላብጦ ተመለከተ። ከከንፈሩ ጥግ አንድ ነገር ሊያመልጠው ሲል ያዘው።

«አየህ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «እሷ ያለችው ሌላ ነው።» ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። «አንተ የተማርክ ልጅ ነህ። አንብብና ፈርም፤ ምሳህን ቤትህ ትበላለህ። ካልፈረምክ ደግሞ ከፍርድ ቤት ዐሥራ አራት ቀን ቀጠሮ እጠይቅብሃለሁ። ምርጫው ያንተ ነው።»

ወረቀቱ በእኔ ስም የተጻፈ ነበር። «ሥርዓት የለም» ብዬ የለጠፍሁት መንግሥት የለም የሚል መልእክት ለሕዝብ ለማስተላለፍ አስቤና አቅጄ መሆኑን አምናለሁ ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ነበር። አንድም የሰዋስው ስሕተት አላገኘሁበትም። እናቴ በር በሩን እያየች እንደምትውል አሰብሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ሌሊት ማደር እንደማልችልም አሰብሁ። ልፈርም እንደነበር አልደብቅም።

የመርማሪው ስልክ ጮኸ። ወደ መስኮቱ ዞሮ ማውራት ጀመረ። ከወጣቷ ጠረጴዛ ላይ የበሩ ዝርዝር ረቂቅ ይታየኛል። ባለጉዳይ ፊት ያለ ወረቀትን በግልባጩ ማንበብ የዕለት ሥራዬ ስለነበር፣ ስሙን በ«ጠ» ረድፍ ላይ ወዲያው አገኘሁት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋት። «እዚያ በ‹ጠ› የጻፏቸው አባት...»

«እርስዎ አትበለኝ፣ አላረጀሁም። ምን ሆኑ?»

«ስማቸው በ‹ዸ› ነው። ልጃቸው መድኃኒት ይዛ በር ላይ ቆማለች። አራት ቀን የለም ተብላ ተመለሰች።»

እጇ ቆመ። ወደ በሩ አቅጣጫ ተመለከተች። «ያቺ ፌስታል የያዘችው?»

«አላየኋትም። ድምፅዋን ብቻ ነው የማውቀው።»

«‹ዸ› እኮ ኪቦርዱ ላይ የለም።»

«አለ። ሺፍቱን ይዘሽ ‹D›ን ምቺ።»

ምላሷን በከንፈሯ ይዛ፣ በሁለት እጇ፣ መታችው። «እንዴ! አለ ለካ!» አለች፤ ፊቷ ለቅጽበት ፖሊስ መሆኑን ረሳ። ስሙን አስተካክላ፣ ወደ «ደ» ረድፍ አዛውራ፣ እንዲታተም አዘዘች። ፕሪንተሩ እያቃሰተ ወረቀቱን አወጣ። የመጨረሻው ገጽ እንደወጣ መብራት ጠፋ።

ወረቀቱን አንሥታ አየችና ወደ እኔ አዞረችው። ማተሚያው ፊደሉን አላወቀውም። በ«ዸ» ፋንታ አንዲት ባዶ ሳጥን አትሟል። የሰውየው ስም ከባዶ ሳጥን ይጀምራል።

«መብራት ሲመጣ በ‹ደ› አደርገዋለሁ» አለች።

«መቼ ይመጣል?»

ትከሻዋን ሰበቀች። ዝርዝሩን ወደ በሩ የሚወስደው ፖሊስ መጥቶ በክፍሉ ደፍ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቷል።

«በእስክሪብቶ ሙያው» አልኋት።

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ዝርዝር አይቀበሉም።»

«ይህ ስርዝ ድልዝ አይደለም። የተሰረዘ ነገር የለም። ባዶ ቦታ መሙላት ነው።» የመንግሥት ሥራ ያስተማረኝን ክርክር ሁሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር ጨረስሁ። ሐሳቧን አየሁት፤ ትክክል መሆኔን ታውቃለች፣ እጇ ግን አልተነሣም። ወደ መርማሪው ጀርባ ተመለከተች።

መርማሪው ስልኩን ዘግቶ ተመለሰ። «ጨረስክ?» ብሎ እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ።

እስረኛ እስክሪብቶ አይይዝም። በአራት ቀን ውስጥ እጄ የነካው የመጀመሪያው እርሱ ነበር። ተቀበልሁት። ከወንበሬ ሳልነሣ በወገቤ ዘንበል ብዬ፣ ከፊቴ ያለውን ወረቀት አልፌ፣ በጎረቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባለው ዝርዝር፣ በባዶዋ ሳጥን ውስጥ «ዸ» ብዬ ጻፍሁ። ጭረቷን ሳልረሳ። ተንጋድጄ ስለጻፍሁት ያማረ ጽሕፈት አልነበረም። ከዚያ እስክሪብቶውን በቃሌ ወረቀት ላይ፣ በፊርማው ቦታ አጠገብ፣ አጋድሜ አስቀመጥሁት።

መርማሪው ዝርዝሩን አነሣ። ረጅም ጊዜ ተመለከተው። «ይህ ፊርማህ ነው?»

«አይደለም፣ ጌታዬ። የሰው ስም ነው።»

ወጣቷ ፖሊስ ወረቀቱን ከእጁ በቀስታ ተቀበለችው፤ እርሱም አልከለከላትም። መሳቢያዋን ከፍታ ማኅተሙን አወጣች፤ ተንፍሳበት፣ ከፊደሉ አጠገብ መታችው። ደፉ ላይ ለቆመው ሰጠችውና ተቀመጠች። እኔን አላየችኝም።

«ዐሥራ አራት ቀን» አለ መርማሪው፤ እንደ ተራ ቁጥር ነበር የጠራው።

*

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ብዙም አልቆየሁ፣ በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ወረቀት ይዞ ቆመ። ስሙን ለማንበብ ተቸገረ፤ ምላሱን አጠፈ፣ ፈታ፣ ደግሞ አጠፈ። በመጨረሻ እንደምንም አወጣው። ልክ አልነበረም፤ ግን የማንም ሌላ ስም አልነበረም።

ሽማግሌው ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። «አቤት!» አሉ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ «አቤት» አልሰማሁም።

ፌስታሉ ውስጥ ምግብ፣ ኪኒን፣ ሌላ ሸሚዝ ነበረ። ኪኒኑን ዋጡ፤ ምግቡን ለዐሥራ አንድ ከፈሉ። የእኔን ድርሻ ሲሰጡኝ ያደረግሁትን ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ምናልባት ማንም አልነገራቸውም። «ገለቶሚ» አሉኝ፤ በቋንቋቸው አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው።

ካቦው አፉን እየጠረገ፣ «አቶ ሥርዓት፣ ዛሬስ ሥርዓት አለ?» አለኝ።

«የለም» አልሁት። «እስክሪብቶ ነበረ።»

በቀልድ የተናገርሁት አልነበረም። ክፍሉ ግን ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በላያችን አውሮፕላን አለፈ፤ ያን ቀን ግን ወዴት እንደሚሄድ ካቦው አልነገረንም።

የተፈታሁት ከዐሥራ አራቱ ቀን በኋላም ሌላ ዐሥራ አራት ቀን ቆይቼ ነው። አንድ ጠዋት «ዕቃህን ያዝ» አሉኝ። ለምን እንደታሰርሁም፣ ለምን እንደተፈታሁም የሚገልጽ ወረቀት አልተሰጠኝም። ሽማግሌው ከእኔ በፊት ወጥተው ነበር። ወደ ሦስት ቁጥር መስኮትም አልተመለስሁም።

ዛሬ ሾላ ገበያ አጠገብ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የትርጉም ክፍል አለችኝ። ሰዎች የልደት ምስክር ወረቀታቸውን፣ የጋብቻቸውን፣ የሟቾቻቸውን ሰነድ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ወደ ሌላ ሀገር ቋንቋ እመልሰዋለሁ፤ ሰነዱም ከእኔ ጠረጴዛ ተነሥቶ የማላውቃቸው መስኮቶች ላይ ይደርሳል። በዚያ ማዶ የማላየው አንድ ጀማሪ ሠራተኛ ሁለት ወረቀቶችን እያስተያየ እንደሚቀመጥ አስባለሁ። ከአንድ ዓመት በፊት የሽማግሌውን ልጅ ታክሲ ተራ ላይ አገኘኋት፤ ያወቅኋት በድምፅዋ ነው። አባቷ ደህና ናቸው። የምትክ ቦታው ማኅደር ግን እስከዚያን ቀን ድረስ በ«ጠ» ነበር።

ስለ ተቋማት ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ አሁንም አነባለሁ። አንድ ፊደል በአንድ እስረኛ እጅ፣ በመርማሪው እስክሪብቶ፣ በአንዲት ፖሊስ ዝምታ መሞላቱ ሥርዓት እንደማይባል አውቃለሁ። ያን ቀን መብራቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢጠፋ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማሰብ አልወድም።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ደንበኞቼ በራፌ ላይ ቆመው፣ «ሲስተም የለም?» ይሉኛል። ቃሉን ከእነርሱ ጋር እናገረዋለሁ፤ አሁን አያሳፍረኝም። «የለም» እላለሁ። «ግን ይቀመጡ። ስምዎን ቀስ ብለው ይንገሩኝ፤ በእጅ እጽፈዋለሁ።»